«40» ቁጥር ነው ወይስ ጽሑፍ? ጅማ ላይ የተከፈተ የፓይተን ክር

ክር የምለው ኢንተርኔት መድረክ ላይ የተጻፈ አንድ ጥያቄና ከሥሩ የተደረደሩት መልሶች ናቸው። ክሩን የከፈተው ልጅ ጅማ አካባቢ ቀይ እሸት ቡና በሚረከብ ጣቢያ መዝገብ ይይዛል። ወቅቱ ጥቅምት ነው፤ ገበሬው እሸቱን በጆንያ እያመጣ ሚዛን ፊት የሚሰለፍበት። ልጁ የወረቀቱ መዝገብ ሰለቸውና በፓይተን ትንሽ ፕሮግራም ጻፈ። የአቅራቢው ስም፣ ስልክና ኪሎ ይገባል፤ ፕሮግራሙ ኪሎውን በዕለቱ ዋጋ አባዝቶ ክፍያውን ያወጣል። ለሙከራ 40 ኪሎ አስገባ። የወጣው ክፍያ ሳይሆን 40404040 እያለ ስክሪኑን የሞላ የቁጥር ሰልፍ ነው። ኤረር የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም።

ጥያቄው ባጭሩ ይኸው ነበር፦ አንድ ቫሪያብል (ፕሮግራም ውስጥ ለዳታ የሚሰጥ ስም) ውስጥ ያለው ነገር ቁጥር ይሁን ጽሑፍ እንዴት ይጣራል? እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ክሩ በሁለት ሦስት መልስ ያልቅ ነበር። እሱ ግን አንድ ነገር ጨመረበት። ኮሌጅ የተማረው ጃቫ እንደሆነ፣ እዚያ የቫሪያብሉ ዓይነት አስቀድሞ እንደሚነገር፣ ዓይነት የማያስነግር ቋንቋ ግን ለገንዘብ ሥራ እንደማይሆን ጻፈ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ተውት።

የሁሉንም መልስ አልተርክላችሁም። ብዙው አውራ ጣት ወይም እኔም ገጥሞኛል የሚል ነው። ቁም ነገር ያለባቸውን በቁጥራቸው እየጠራሁ ልሂድ።

መልስ 1 የጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ተማሪ ነው። በሰላምታ ጀምሮ መልካም የቡና ወቅት ተመኝቶ የሚጨርስ ጨዋ መልስ። ፓይተን 3 ላይ ኢንፑት የሚባለው ፈንክሽን ከኪቦርድ የመጣውን ሁሉ ስትሪንግ፣ ማለትም ጽሑፍ፣ አድርጎ እንደሚመልስ አስረዳ። ሰው 40 ብሎ ቢጽፍም ፕሮግራሙ እጅ የሚገቡት 4 እና 0 የሚባሉ ሁለት ምልክቶች ናቸው። ስትሪንግ በሙሉ ቁጥር ሲባዛ ደግሞ ፓይተን ያንኑ ጽሑፍ ያን ያህል ጊዜ ይደጋግመዋል። ዋጋው ስንት ብር ከሆነ 40 ያን ያህል ጊዜ ተደረደረ ማለት ነው። ቋንቋው ያዘዙትን ነው የሠራው። ከዚያ መሣሪያዎቹን ዘረዘረለት፤ ዓይነቱን ለማየት ታይፕ፣ ከዚህ ወገን ነህ ወይ ብሎ ለመጠየቅ ኢዝኢንስታንስ፣ ወደ ቁጥር ለመለወጥ ኢንት (ሙሉ ቁጥር) ወይም ፍሎት (ነጥብ ያለው ቁጥር)።

መልስ 2 ልጁን ዕድለ ቢስ አለው። ማባዛቱ ቀርቶ መደመር ቢሆን ኖሮ ፓይተን ታይፕኤረር ብሎ እዚያው ያቆመው ነበር። ጃቫስክሪፕት ግን አያቆምም። «5» የሚለውን ጽሑፍ ከ5 ጋር ብትደምር 55 ይሰጥሃል፤ 2 ብትቀንስበት ደግሞ ራሱ ወደ ቁጥር ለውጦ 3 ይልሃል። ፒኤችፒ መደመሩን 10 ያደርገዋል። ሦስቱም ዓይነት ሳታውጅ የምትጽፍባቸው ቋንቋዎች ናቸው፤ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። ዓይነት አለማስነገር አንድ ነገር፣ የማይገጥሙ ዓይነቶችን ዝም ብሎ ማደባለቅ ሌላ ነገር።

መልስ 3 ሄርማታ መርካቶ ሱቅ ያለው፣ ፓይተንን ማታ ማታ የሚማር ነጋዴ ነው። ነገሩን ያስረዳበት መንገድ ከተማሪዎቹ ሁሉ ይበልጣል። የቫሪያብል ስም ጆንያ አፍ ላይ የምትታሰር ወረቀት ናት አለ። ዓይነቱ ያለው ወረቀቷ ላይ ሳይሆን ጆንያው ውስጥ ነው። ወረቀቷን ፈትተህ የማር ቆርቆሮ ላይ ብታስራት ፓይተን አይከለክልህም። ስለዚህ ታይፕ ብለህ ስትጠይቅ የምትጠይቀው አሁን በዚህ ሰዓት የታሰረችበትን ዕቃ ነው። ነገ ሌላ መልስ ልታገኝ ትችላለህ።

መልስ 4 ወደ ዝርዝሩ ገባ። ታይፕ የሰጠውን ከኢንት ወይም ከዲክት (ቁልፍና ዋጋ እያጣመረ ከሚይዘው የፓይተን ዓይነት) ጋር በእኩል ምልክት ማወዳደር መጥፎ ልማድ ነው ባይ ነው። ምሳሌው ዲፎልትዲክት ነው። የዲክት ልጅ ነው፣ ከዲክት የተወለደ ዓይነት ማለት ነው፤ ዲክት የሚሠራውን ሁሉ ይሠራል። ታይፕን በእኩል ምልክት ካወዳደርክ ግን ዲክት አይደለህም ተብሎ ይባረራል። ኢዝኢንስታንስ ዘር ስለሚቆጥር ይቀበለዋል። ከ3.10 ስሪት ጀምሮ ደግሞ ኢንት ወይም ፍሎት መሆኑን በመካከላቸው ቀጥ ያለ መስመር አድርጎ በአንዴ መጠየቅ እንደሚቻል ጠቆመ።

ይህን ሁሉም በጭፍን ይቀበለው ነበር፤ መልስ 5 ባይመጣ። ኢዝኢንስታንስ ዘር መቁጠሩ ራሱ ጣጣ አለው አለ። ትሩ (እውነት) ወይም ፎልስ (ሐሰት) የሚይዘው ቡል የሚባለው ዓይነት የኢንት ልጅ ነው። ትሩ ኢንት ነህ ወይ ተብሎ ቢጠየቅ አዎ ይላል። ትሩ ሲደመር ትሩ 2 ይሆናል። ስለዚህ በኪሎ ቦታ በስህተት ትሩ ቢገባ ማጣሪያው ያሳልፈዋል፤ ገበሬውም የ1 ኪሎ ይከፈለዋል። ታሪኩንም አመጣ። ቡል ራሱን ችሎ ፓይተን ውስጥ የገባው በ2.3 ስሪት በ2003 ነው። ከዚያ በፊት ሰው 1ን እና 0ን እንደ እውነትና ሐሰት ይጠቀም ስለነበር የቆየው ኮድ እንዳይሰበር የኢንት ልጅ ተደረገ። መልስ 6 ይኸው ነገር እንደሚጠቅምም አስታወሰ። የትሩና የፎልስ ዝርዝር ላይ ሰም የሚባለውን የመደመሪያ ፈንክሽን ብትጠራ ስንቱ ትሩ እንደሆነ ይቆጥርልሃል፤ እሱ የተማሪ መቅሪያ መዝገብ የሚደምረው እንዲህ ነው።

መልስ 7 ላይ አየሩ ተቀየረ። ጸሐፊው ይሄ የመጀመሪያ ምዕራፍ ትምህርት ነው፣ ሰነዱን ሳያነቡ የሰው ጊዜ ማባከን ምንድን ነው ብሎ ቀወጠው። መልስ 8 አስተማሪ ናቸው፤ አንቱ እያሉ የሚጠሯቸው ስለበዙ በዕድሜም ከፍ ያሉ ይመስለኛል። ጠያቂ ማዋረድ የጅማ ልማድ አይደለም፣ ልጄ ስታውቅ ነው የተወለድከው ወይ ብለው ገሠጹት። መልስ 9 ያው ቁጡ ሰው ነው። ይቅርታ አልጠየቀም። ይልቅ ልጁ ኮዱን እንኳ ሳይለጥፍ ቋንቋ መስደቡን ጠቆመ። አነጋገሩ ደስ አይልም፤ ይህችኛዋ ግን እውነት ናት። ኮድ የሌለው ጥያቄ ሐኪም ቤት ሄዶ የት እንደሚያም አለመናገር... አይ፣ ምሳሌውን ለነጋዴው ልተውለት።

ከመልስ 10 እስከ 16 ያለው የጃቫ ጦርነት ነው። መልስ 10 ጅማ ተወልዶ አዲስ አበባ የሚሠራ ፕሮግራመር ነው። ጃቫ ቢሆን ስትሪንግን በኢንት ላባዛ ስትለው ኮዱን ከመሮጡ በፊት የሚተረጉመው ኮምፓይለር እሺ ስለማይል ይህ ስህተት ከቢሮ አይወጣም ነበር አለ። ልክ ነው። መልስ 11 ግን ጥሩ አድርጎ መለሰለት። ጃቫ ላይም ኔክስትላይን ብለህ ከኪቦርድ የምታነበው ስትሪንግ ነው። ገበሬው ወይም ጸሐፊው የጻፈውን ወደ ቁጥር የመለወጡ ሥራ በየትኛውም ቋንቋ አይቀርልህም። ልዩነቱ ጃቫ ሳትለውጠው እንዳታልፍ ያስገድድሃል፤ ፓይተን ይተውሃል። ለመዝጋቢው ልጅ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ይህ መልስ ይመስለኛል። ግን ሁለት አውራ ጣት ብቻ ነው ያገኘው፤ ከሥሩ ያለው ስድብ ብዙ ሰብስቧል።

መልስ 13 ለማስታረቅ ሞከረች። ፓይተን ዓይነት ማስነገር ከጀመረ ሰንብቷል አለች። 3.5 ስሪት በ2015 ሲወጣ ታይፕ ሂንት የሚባለውን ይዞ መጣ። ፈንክሽኑ ራስ ላይ ኪሎ ፍሎት ነው፣ ዋጋ ፍሎት ነው ብለህ መጻፍ ትችላለህ። መልስ 14 ወዲያው አረማት። መጻፍ ትችላለህ፣ ፓይተን ግን አይጠብቅልህም። ፍሎት ብለህ ጽፈህ ስትሪንግ ብትልክበት ፕሮግራሙ ምንም ሳይለው ይሮጣል። የሚጠብቀው ከማስኬድህ በፊት ኮዱን የሚፈትሽ እንደ ማይፓይ ያለ መሣሪያ ነው። መልስ 13 ተመልሳ በመልስ 15 ተስማማች፤ ዓይነት የሚነገርበት የጃቫስክሪፕት ዝርያ የሆነው ታይፕስክሪፕትም በ2012 ሲመጣ የዚሁ ዓይነት ስምምነት እንደነበረ ጨመረች። ዓይነቶቹ ኮምፓይል ሲደረጉ ይጠፋሉ። አሳሹ ውስጥ የሚሮጠው ያው ተራው ጃቫስክሪፕት ነው።

መልስ 16 ጃቫስክሪፕት ላይ ለማሾፍ ብቻ የመጣ ነው። ታይፕኦፍ ነል (የባዶን ዓይነት ንገረኝ) ብትለው ኦብጀክት ይልሃል፣ ታይፕኦፍ ናን ብትለው ናምበር ይልሃል፤ ቁጥር አይደለም የሚባለው ነገር ዓይነቱ ቁጥር ነው ብሎ ሳቀ። የነሉ ነገር እውነት ስህተት ነው። ከ1995ቱ የመጀመሪያ ስሪት ጀምሮ አብሮ የኖረ ሲሆን ይስተካከል የሚል ሐሳብ ቀርቦም ነበር፤ ስንት ድረ ገጽ ይሰበራል ተብሎ ቀረ። የናን ግን ማሾፊያ አይሆንም፤ ፓይተንም ላይ ናን ፍሎት ነው። ይህን ልብ ያለ አልነበረም፤ ቆይቶ ግን ነከሳቸው።

አሁን ወደ ጣፋጩ ክፍል መጣን። መልስ 17 ለታካሚዎች የቀጠሮ ማስታወሻ በኤስኤምኤስ የሚልክ ፕሮግራም የሠራ ሰው ነው። የየት ተቋም እንደሆነ አልጻፈም። ስልኮቹ በኤክሴል ተመዝግበው ነበር። 09 ብሎ የሚጀምረው ሁሉ ዜሮውን ጥሎ በ9 ጀመረ፤ ኤክሴል ቁጥር መስሎት። ያንን ወደ ሲኤስቪ (ተራ የጽሑፍ ሠንጠረዥ ፋይል) ቀይሮ ፓንዳስ በሚባለው የፓይተን የዳታ ላይብረሪ ሲያነበው ሌላ ጉድ መጣ። ስልክ የሌላቸው ጥቂት ታካሚዎች ነበሩ። ባዶ ሴል ያለበትን የቁጥር ዓምድ ፓንዳስ በልማዱ ፍሎት ያደርገዋል። ስለዚህ ስልኮቹ ሁሉ መጨረሻቸው ላይ ነጥብ ዜሮ አበቀሉ። መልእክቱ ለማንም አልደረሰም። ዓይነቱን ቢያጣራው ቁጥር ነው ይለዋል፤ ማጣሪያው ትክክል ነው፣ ዕቃው ግን ተበላሽቷል።

መልስ 18 ወዲያው መድኃኒቱን ጻፈ። ፋይሉ ሲነበብ የስልክ ዓምድ ስትሪንግ ነው ብሎ አስቀድሞ በዲታይፕ መንገር ነው። ካነበብክ በኋላ ብትለውጠው የጠፋችው ዜሮ አትመለስም። መልስ 19 የባንክ ሒሳብ ቁጥርን አነሳች። ኤክሴል ከ11 አሃዝ የረዘመ ቁጥር ሲያገኝ በተለመደው ፎርማት ኢ የሚል ፊደል ባለበት አጭር መልክ ያሳየዋል፤ ሲኤስቪ አድርገህ ስታስቀምጠው ደግሞ የሚጻፈው የሚታየው ነው። የሰው ሒሳብ ግማሹ ዜሮ ሆኖ ይቀራል። መልስ 20 እንዲህ ያለውን ነገር ለመለየት ቀላል ጥያቄ ሰጠ፦ ሁለት ስልክ ቁጥር ደምረህ ታውቃለህ? አማካይ ስልክ አውጥተህስ? ካልሆነ ስልክ ጽሑፍ እንጂ ቁጥር አይደለም።

መልስ 21 ከዚህ ተነሥቶ የ07 ስልኮችን ወሬ አመጣ። ሳፋሪኮም በ2022 ሥራ ከጀመረ ወዲህ በ07 የሚጀምር ስልክ የያዘ ሰው ብዙ ነው። ጃቫስክሪፕት ኮድ ውስጥ እንዲህ ያለውን ያለ ጥቅስ ምልክት ከጻፍከው፣ ስትሪክት ሞድ የሚባለው ጥብቅ አሠራርም ካልተከፈተ፣ አሃዞቹ ሁሉ ከ8 በታች ከሆኑ በስምንት ቤት አቆጣጠር ያነበዋል። 0712 ብትል 458 ይሆናል። በ09 የሚጀምረው 9 ስላለበት ይተርፋል። ፓይተን 3 ግን በዜሮ የሚጀምር ቁጥር ኮድ ውስጥ ካየ ከመነሻው አላነብም ብሎ ያቆምሃል። እኔ ይህን ካነበብኩ በኋላ ኮምፒውተሬ ላይ ሞከርኩት፤ እውነትም 458።

ከመልስ 22 እስከ 27 ጉዳዩ ጠፋ። አንዱ ለጀማሪ ምን ዓይነት ላፕቶፕ ይሻለኛል አለ። ሌላው ራሙ ስንት ይሁን ብሎ ተከተለው። መብራት ሲጠፋ ባትሪው ስንት ሰዓት ይቆያል የሚለው ላይ ከጅማ ሰፈሮች ከአጂፕም ከፈረንጅ አራዳም ምስክር ተሰማ። መልስ 27 አስተባባሪው ናቸው፤ ወደ ጉዳዩ እንመለስ ብለው ለመኑ።

መልስ 28 ያው ክሩን የከፈተው ልጅ ነው። ምክሩን ሰምቶ ኪሎው ወደ ቁጥር ከመለወጡ በፊት ሁሉም ምልክት አሃዝ ነው ወይ ብሎ በሚጠይቀው ኢዝዲጂት አጣርቶታል። ደስ ብሎታል። ደስታው ግን ሁለት መልስ አልዘለቀም። መልስ 29 40.5 ቢገባስ አለው፤ ነጥብ አሃዝ ስላልሆነች ኢዝዲጂት ግማሽ ኪሎ የሚባል ነገር አያውቅም። መልስ 30 ደግሞ ከክሩ ሁሉ የወደድኩትን ነገር ይዞ መጣ፤ የግዕዝ ቁጥር።

በአማርኛ ኪቦርድ የሚጽፍ ሰው ፭ን ቢያስገባ ኢዝዲጂት አሃዝ ነው ብሎ ያሳልፈዋል። ወደ ኢንት ስትለውጠው ግን ቫልዩኤረር ይመጣል። በር ላይ ግባ ተብሎ ውስጥ መባረር ማለት ነው። ምክንያቱ ያለው የዓለም ፊደላት ሁሉ ለኮምፒውተር የተመዘገቡበት ዩኒኮድ ዘንድ ነው። ከ፩ እስከ ፱ ያሉት አሃዝ ተብለው ተመዝግበዋል፤ በአሥር ቤት እየተደረደሩ ቁጥር የሚሠሩ ተብለው ግን አልተመዘገቡም። ልክም ነው። ግዕዝ ዜሮ የለውም፤ 40 ሲጻፍ 4 እና 0 አይደረደሩም፣ ፵ የራሱ ምልክት አለው። ፲ን እና ፵ን ደግሞ ኢዝዲጂት ራሱ አይቀበላቸውም፤ የሚቀበላቸው ኢዝኑሜሪክ ነው። ኢዝዴሲማል የሚባለው ሁሉንም ይመልሳቸዋል። ሦስት ተመሳሳይ የሚመስሉ ማጣሪያዎች፣ ሦስት የተለያየ መልስ። መልስ 31 የሚያምን ስላልመሰለው ራሱ ሞክሮ ውጤቱን ለጠፈ። መልስ 32 ማን ነው በዚህ ዘመን በግዕዝ ቁጥር ኪሎ የሚጽፈው ብሎ አሾፈ። መልስ 33 የቤተ ክርስቲያን የቀን መቁጠሪያ አፕ እንደሠራ፣ እሱ ጋ በየቀኑ እንደሚጻፍ በትሕትና ነገረው።

መልስ 34 ይህን ሁሉ ሲያይ ትዕግሥቱ አለቀ። ዓይነት አታጣሩ፣ ዝም ብላችሁ ለውጡት፣ እምቢ ካለ ኤረሩን ያዙት አለ። ሞክር፣ ካልሆነ ኤረሩን ያዝ የሚሉት ትራይና ኤክሴፕት የተሠሩት ለዚህ ነው። ፓይተን ሰው ቤት ሲገቡ ፈቃድ ከመለመን ገብቶ ይቅርታ መጠየቅን የሚመርጥ ቋንቋ መሆኑን አስረዳ። ብዙዎች አጨበጨቡለት። በፍሎት መለወጥ የ40.5ን ጣጣ ይፈታል፣ የ፭ንም ይይዛል። ከግራና ከቀኝ ባዶ ቦታ ቢኖር እንኳ ራሱ ያጸዳዋል። መልስ 35 ግን 1,200 ብሎ በኮማ የጻፈ ሰው እንደሚባረር አስታወሰች፤ ጅማ ውስጥ ደረሰኝ የሚጽፍ ሰው ሁሉ በኮማ ነው የሚጽፈው። መልስ 36 ቁጡው የመልስ 7 ሰው ነው። እዚህ ላይ ልኩን አሳየ። በኪሎ ቦታ ናን ብለው በእንግሊዝኛ ፊደል ቢጽፉ ፍሎት በደስታ ይቀበላል አለ። ኤረር አይመጣም፤ ዓይነቱም ፍሎት ነው። ከዚያ ወዲያ የነካው ድምር ሁሉ ናን ይሆናል። የቀኑ ጠቅላላ ክፍያ ናን። መልስ 8 የነበሩት አስተማሪም አመሰገኑት፤ እሱም መምህር ብሎ መለሰላቸው።

ማጣራት ወይስ ለውጦ መያዝ የሚለው ጠብ እኔን ብዙም አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ ቦታው ነው። ኪሎው ከኪቦርድ ሲገባ፣ ፋይል ሲነበብ፣ ቴሌግራም ቦት ላይ መልእክት ሲመጣ፣ እዚያው በሩ ላይ አንዴ ጠንከር ያለ ፍተሻ ይደረግ። ውስጥ ያለው ፈንክሽን ሁሉ በየመስመሩ ማነህ ማነህ እያለ ከጠየቀ ኮዱ ኬላ የበዛበት መንገድ ይሆናል። መልስ 37 ይህንኑ ሐሳብ ይዞ ፓይዳንቲክ የሚባለውን ላይብረሪ አስተዋወቀ። የሚገባውን ዳታ በር ላይ ተቀብሎ «40»ን ወደ ቁጥር ይለውጥልሃል፤ በሁለተኛው ስሪቱ ደግሞ ስትሪንግ መሆን የሚገባው ስልክ ቁጥር ሆኖ ከመጣ አልቀበልም ይላል። መልስ 38 ለሦስት መስመር ፕሮግራም ይህን ሁሉ ላይብረሪ መጫን ለምን አስፈለገ ብሎ አጉረመረመ። በዚህም አልፈርድበትም።

መልስ 40 ዳታ የሚሠራ ሰው ነው። ከፓንዳስ ወይም ከነምፓይ (የቁጥር ስሌት ላይብረሪ) የወጣ ሙሉ ቁጥር ኢንት ነህ ወይ ሲባል አይደለሁም እንደሚል ጻፈ። ኢንት64 የሚባለው የነምፓይ ዓይነት የፓይተን ኢንት ልጅ አይደለም። ፍሎት64 ግን የፓይተን ፍሎት ልጅ ነው። ለምን አንዱ ልጅ ሆኖ ሌላው ባዳ እንደሆነ ሁለት ሰዓት ፈልጎ ራሱን ሊያሳብድ ነበር። ናምበርስ የሚባለው ሞጁል ውስጥ ያለውን ኢንተግራል ቢጠይቅ የፓይተኑን ኢንትም የነምፓዩን ኢንት64ም እንደሚቀበል መልስ 41 ነገረው።

መልስ 43 ሊሙ አካባቢ ቡና የሚሰበስብ ነው፤ ኮድ አይጽፍም። ልጁ ለቡና ስለሚሠራ ብቻ ነው የገባው። ያቀረበው ጥያቄ ፕሮግራመሮቹን ሁሉ ጸጥ አሰኘ። እዚህ አንዳንዱ በኪሎ፣ አንዳንዱ በፈረሱላ ነው የሚናገረው። ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። መዝጋቢው 3 ብሎ ሲያስገባ ፕሮግራማችሁ 3 ኪሎ ይሁን 3 ፈረሱላ በምን ያውቃል? ታይፕ ብትሉት ፍሎት ይላል። ኢዝኢንስታንስ ብትሉት አዎ ይላል። ሁሉም ማጣሪያ ያልፋል፤ ክፍያው ግን በ17 እጥፍ ይሳሳታል። ደግሞ እሸትና ጀንፈል አንድ ዋጋ የላቸውም፤ ሁለቱም በኪሎ ነው የሚጻፉት።

መልስ 44 ለየመለኪያው የራስህን ክላስ፣ ማለትም አዲስ ዓይነት፣ ሥራ አለ። መልስ 45 ክላሱ ይቅርና ስሙን አስተካክል፣ ፓይተን 3 የአማርኛ የቫሪያብል ስም ይቀበላል፣ በኪሎ ወይም በፈረሱላ ብለህ ጻፈው አለ። መልስ 46 ከሁለቱም የሚሻለውን ያመጣ ይመስለኛል፤ ስክሪኑ ላይ መለኪያው ይመረጥ፣ ማሽኑም መልሶ በኪሎ ይንገር፣ ገበሬው ራሱ አይቶ ያረጋግጥ። ይህ የዓይነት ማጣሪያ አይደለም፤ ግን ቡናው የገበሬው ነው።

መልስ 47 ገንዘብ በፍሎት አይያዝም ብሎ ጮኸ። 0.1 ሲደመር 0.2 ፓይተን ላይ 0.30000000000000004 ነው። ዴሲማል የሚባለውን የፓይተን ዓይነት ልጁ ይጠቀም፤ ሲጠቀምም ፍሎቱን ሳይሆን ስትሪንጉን ይስጠው፣ አለዚያ የፍሎቱ ስህተት አብሮ ይገባል። መልስ 48 ልጁ ነው። ገና ትናንት ስትሪንግ ጠላት ነው ብላችሁኝ ዛሬ ስትሪንግ ስጥ ትሉኛላችሁ ብሎ አማረረ። ሳቅ በሳቅ ሆነ።

መልስ 50 ስለ ስሞች ነው። በአፋን ኦሮሞ ስም መካከል ላይ የምትገባው ሁድሃ፣ ያቺ ከላይ የምትንጠለጠል ነጠላ ሰረዝ፣ የጸሐፊውን የኤስኪውኤል (ዳታቤዝ የሚታዘዝበት ቋንቋ) ትእዛዝ ለሁለት ሰበረችበት። ስሙን በመደመር ትእዛዙ ውስጥ ስለሚሰካው ዳታቤዙ ጽሑፉ አለቀ ብሎ ያስባል። መልስ 51 ስሙን በፓራሜትር፣ ከትእዛዙ ለይቶ፣ እንዲያስተላልፍ አዘዘው፤ ይህን የማያደርግ ሰው ዳታቤዝ ባይነካ ይሻላል ብሎ ጨመረ። መልስ 52 ሌላ ነገር አየ። ስልክ ላይ የሚጻፈው ሁድሃ ጠመዝማዛ፣ ኮምፒውተር ላይ የሚጻፈው ቀጥ ያለ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ስትሪንግ ናቸው፣ ለዓይን አንድ ናቸው፣ ለፓይተን ግን ሁለት ሰው ናቸው። አንድ አቅራቢ ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ ይገኛል። ጅማ ላይ መዝገብ የሚሠራ ሁሉ ይህን ቢያውቅ ጥሩ ነው።

መልስ 55 ላይ ልጁ የመጨረሻ ኮዱን ለጠፈ። ኪሎው በር ላይ ኮማው ተነሥቶለት ወደ ዴሲማል ይለወጣል። እምቢ ካለ እንደገና ይጠይቃል። ናን እና ከዜሮ ያልበለጠ ይመለሳል። ስልኩ ስትሪንግ ሆኖ ይቀመጣል፤ 10 አሃዝ መሆኑና በ09 ወይም በ07 መጀመሩ ይታያል። መለኪያው ይመረጣል። ጃቫ ይሻል ነበር የሚለውን ሐሳቡን አላነሣም፣ አልደገመምም። መልስ 56 ኮዱን ተመልክታ ቀኑስ አለችው።

ልጁ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነበር ዴት የሚባለው የፓይተን የቀን ዓይነት ውስጥ የሚያስገባው። መልስ 57 ጳጉሜን 13ኛ ወር አድርጎ ቢያስገባው ፓይተን ወር ከ1 እስከ 12 ነው ብሎ እንደሚመልሰው አሳየ። ጥቅምት 30ም አይገባም፤ 2ኛ ወር 30 ቀን የለውም። መልስ 58 የሚያስፈራው የሚመለሰው ሳይሆን የሚያልፈው ነው አለ። መስከረም 30 እና ጥቅምት 1 ሁለቱም ያለ ችግር ይገባሉ። በመካከላቸው ስንት ቀን አለ ብትለው ግን 1 ማለት ሲገባው 2 ይላል፤ እሱ ዘንድ 1ኛው ወር 31 ቀን ነዋ። ዓይነቱን ብታጣራ ዴት ነው። መልስ 59 ቀኑ ውስጥ ለውስጥ በፈረንጅ አቆጣጠር ይቀመጥ፣ ሰው ሲያየው ብቻ ወደ እኛ ይለወጥ ብሎ መከረ። አስተባባሪው በመልስ 60 የቀኑን ጉዳይ ወደ ሌላ ክር ውሰዱት ብለው ይህኛውን ዘጉት።